«በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ ስለተሰቀለው ራሴ

ለለምለም ራስ የፀጉር ንቅለ ተከላ ማዕከል
ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ለአቶ አፈወርቅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት እየጠየቅሁ፣ እኔ ከአንገቴ በታች ደኅና መሆኔን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ከአንገቴ በላይ ያለው ግን በማዕከልዎ እጅ ስላለፈ፣ በግል ከምጽፍልዎ ሕዝብ እያነበበው ብጽፍ ይሻላል ብያለሁ፤ ፎቶግራፌንም የሰቀሉት ሕዝብ እንዲያየው ነውና።

ስሜ ወንድምአገኝ ይባላል። መሐል ሜዳ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በስሜ ካላስታወሱኝ፣ በከተማችን መናኸሪያ መግቢያ ላይ ባሰቀሉት ትልቅ ባነር በግራ በኩል «በፊት»፣ በቀኝ በኩል «በኋላ» ተብሎ ሁለት ጊዜ የተሰቀለው ሰው እኔ ነኝ። ፎቶዬን ለማስታወቂያ እንዲጠቀሙበት ስፈቅድ እውነተኛው ፎቶ ይወጣል ብዬ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መንዝ ውስጥ መላጣ መሆን ያን ያህል አያሳፍርም። ብርዱ ሁላችንንም የሱፍ ቆብ ስለሚያስደፋን፣ የማን ራስ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ወይም ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ብቻ ነው። የእኔ ችግር ትልቅ ሰው ፊት የምቀርብበት ቀን መድረሱ ነበር። ወሰንየለሽ የምትባል፣ ከራሴ ይልቅ ጨዋታዬን የወደደች ልጅ ላገባ አስቤ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ጓሳ አፋፍ ላይ የሚኖሩት አባቷ አቶ ኃይለመስቀል ሽማግሌዎቹን በደንብ ካስተናገዱ በኋላ «ልጁን በዓይኔ ልየው» አሉ። እኔም ፀጉር ይዤ ልቀርብ አማረኝ። ወደ እርስዎ ዘንድ ያመጣኝ ይኸው አምሮት ነው።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ የሚለው ቃል ካልከበደብዎ፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ «በፊት»። ፎቶ አንሺዎ ወይዘሪት ሐሴት ካሜራዋን ከማንሳቷ አስቀድማ ያለችኝን ጥቂት ፀጉር በውኃ አርጥባ ለጥፋ፣ ብርሃኑ በቀጥታ አናቴ ላይ ከሚወርድ መብራት ሥር አስቀምጣ፣ አንድ የሚያሳዝን ነገር እንዳስብ አዘዘችኝ። እኔም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን የፈተና ውጤት አሰብኩ። በዚህም የተነሳ በፎቶው ላይ የሚታየው ሰው መላጣ ብቻ ሳይሆን ዕንባው ሊወርድ ጥቂት የቀረው ነው። ያን ያህል መላጣ ሆኜ አላውቅም። ከነበረኝ ላይ በነፃ ስለቀነሱልኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ «በኋላ»። ይህኛው ፎቶግራፍ እጅግ ያምራል። ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ማበጠሪያ የሚሰብር ፀጉር ነው፤ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ እኔ ራሴ ቀናሁ። ቆየት ብዬ ሳስተውለው ግን ሰውየው ፊት የለውም። ለካ ማጅራቴ ነው! እዚያ ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን ፀጉር አጥቼ አላውቅም ነበር። ከመሐል ሜዳ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ትከሻዬ ላይ ያወረሰኝ የዘይት ጠብታ በሁለቱም ፎቶዎች ላይ እንዳለ ተቀምጧል፤ ሁለቱም የተነሱት በአንድ ቀን፣ ገና መርፌ ሳይነካኝ ነውና። ይህንኑ በስልክ ባመለክት ወይዘሪት ሐሴት ምንም ሳትቆጣ፣ «በፊት» ማለት በፊት በኩል፣ «በኋላ» ማለት ደግሞ በኋላ በኩል ማለት እንደሆነና ማዕከሉ አንድም ቃል እንዳልዋሸ አስረዳችኝ። አፌን ከፈታሁበት ቋንቋ ጋር እንደገና ስላስተዋወቁኝ ውለታዎ አለብኝ። ያንን ማጅራት ነቅላችሁ ወደ ፊት ስለተከላችሁት፣ ባነሩ ላይ ያለው ፀጉር ዛሬ ከኋላም የለም። ከፊት የበቀለውን አልክድም፤ በቅሏል፤ ውርጭ የመታው ገብስ ያህል።

፫ኛ. ይህኛው የሳቅ አይደለም። አቶ ኃይለመስቀል ለገበያ መሐል ሜዳ ሲወጡ ባነሩን አይተውት ኖሯል። የተቀጠርኩ ቀን ግቢያቸው ገብቼ እጅ ስነሳ፣ እንደ ወጉ ቆቤን አወለቅሁ። አዩኝ። ተነስተው በኋላዬ ዞሩና አዩኝ፤ ተመልሰው በፊቴ ቆሙ። እንደሚያውቁት የጓሳ ሣር ማንም እንዳያጭደው ለዓመታት ተዘግቶ ከርሞ ደርሷል በተባለ ጊዜ፣ እንደ እሳቸው ያሉ አባቶች ከዳር ቆመው አይተው አያምኑም፤ ገብተው በእጃቸው ዳስሰው ነው የሚያስከፍቱት። መዳፋቸውን አናቴ ላይ አሳርፈው ወዲያና ወዲህ ካሉ በኋላ «ይኼማ ገና ነው፤ ይዘጋ» አሉ። የተዘጋው ግን ራሴ ሳይሆን የጋብቻው ነገር ነው። «መላጣ መሆኑ አልከፋኝም፤ እኔም መላጣ ነኝ። ገና ሳይገባብን በራሱ ላይ የዋሸ ሰው፣ ነገ በልጄ ላይ ምን ሊል ነው?» ብለው ለሽማግሌዎቼ ነገሯቸው።

ክቡር ሆይ፣ ያልዋሸሁትን ውሸት በሰው ፊት ተሸክሜ፣ ቆቤን በእጄ እንደያዝኩ ወጣሁ። ወሰንየለሽ እስከ በር ሸኘችኝና «እንግዲህ የማገባው የትኛውን ነው? የፊቱን ነው የኋላውን?» አለችኝ። እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

፬ኛ. አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ሦስተኛውን ስጽፍ ተናድጄ ረሳሁት።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ባነሩ ይውረድልኝ፤ በምትኩ አንድ ሰው በአንድ ወንበር፣ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ ራሱን በአንድ በኩል አዙሮ፣ ደረቅ እንደሆነ፣ ፀጉር የሚያስመስል ጥቁር ዱቄት ሳይነሰነስበት፣ ከሥራው አስቀድሞና ከሥራው ወዲህ የተነሳ ፎቶ ይሰቀል። የበቀለው ጥቂት ከሆነ ጥቂቱ ይታይ። አቶ ኃይለመስቀል በሽማግሌዎቼ ልመና እስከ ዳግማ ትንሣኤ ድረስ ሊያስቡበት ፈቅደዋልና፣ ማዕከልዎ ፀጉሬን ለማብቀል ከወሰደው ጊዜ ባጠረ ጊዜ ምላሽ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ማዕከልዎን እግዚአብሔር ያስፋልዎ፣ ደንበኞችዎን ያብዛልዎ፣ የደንበኞችዎን የዓይን ብርሃን ደግሞ ለእርስዎ ሲል ያድክምልዎ እያልኩ፣

በመናኸሪያ በር ወጪና ወራጅ የሚስቅብኝ፣ ከፊትም ከኋላም አክባሪዎ፣
ወንድምአገኝ ተገኘ
መሐል ሜዳ፣ መንዝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስሰናዳ ወሰንየለሽ ትዕግሥቷ አለቀና በጠራራ ፀሐይ የትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ አቁማ፣ ያለ ቆብ፣ ያለ ማበጠሪያ፣ ፊት ለፊት በስልኳ አነሳችኝ። ከመታወቂያዬ የድሮ ጉርድ ፎቶ ጎን አድርጋ ለአባቷ አሳየቻቸው። «ይኼስ እሱ ነው፤ ትንሽም ቢሆን በቅሎለታል» አሉና ልጃቸውን ፈቀዱልኝ። ስለዚህ ባነሩን ከማውረድ በቀር ድካምዎ አያስፈልገኝም። አቶ ኃይለመስቀል ይህን የመሰለ ማዕከል የሚመራውን ሰው ማየት እፈልጋለሁ ስላሉኝ ግን በገጻችሁ ላይ ያለውን የእርስዎን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ያንን ባርኔጣዎ ቅንድብዎ ድረስ የወረደበትን። ረጅም ጊዜ አዩትና «እኚህ ሰውዬ ራሳቸው ላይ ያልደፈሩትን ነው ለሰው የሚተክሉት?» ብለው ጠየቁኝ። ለአማቴ መዋሸት ስለማልፈልግ፣ መልሱን እርስዎ ባርኔጣዎን አውልቀው በሚነሱት ፎቶ ቢልኩላቸው እወዳለሁ።