ከኦላትስ ዳገት እስከ ሙትሪኩ ወደብ

ማርች 4

ዝናቡ አላባራም። ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ… ተመልሼ ወጥ ቤት። ባሌ ኢማኖል ወደ ጀልባ ጥገናው ሲወጣ "ወለሉን ፈጀሽው እኮ ኢሳስኩን፤ ትንሽ አረፍ በይ" አለኝ። ምን ሠርቼ ነው የማርፈው?

ጃንዋሪ ላይ አውቶቡስ እየነዳሁ ራሴን ሳትኩ። አውቶቡሱ የድጋፍ ግንቡን ታክኮ ቆመ፤ ተሳፋሪ አልተነካም። ልብ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ የዴባ–ኦንዳሮዋን መስመር ሌላ ሰው ይዞታል። መመለስ አለመመለሴ የሚታወቀው ጁን ላይ ነው። እስከዚያስ? ሐኪሟ ሜዳ ለሜዳ ቀስ እያልኩ ብስክሌት ብነዳ እንደማትከለክለኝ ነገረችኝ። ዳገት ግን እንዳልሞክር አደራ ብላለች።

ሜዳ! በዚህ በኩል ባህር፣ በዚያ በኩል ተራራ… ሜዳው የቱ ጋ ነው?

ማርች 7

ከቤቴ ከዴባ ኦንዳሮዋ ደርሼ ተመለስኩ። በባህሩ ዳር ሄጄ በባህሩ ዳር መጣሁ። ኩርባውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ቤት ስገባ እግሬ ደክሟል፣ ልቤ ግን እንደተቁነጠነጠ ነው።

ማርች 13

ዛሬ ከሙትሪኩ ወደ ግራ ተጠመዘዝኩ። ወደ ኦላትስ የሚወጣው ጠባብ መንገድ። አውቶቡስ አይገባበትም፣ ስለዚህ አላውቀውም። ለኢማኖል አልነገርኩም።

አቀበቱ ያስለቅሳል። በቀላሉ ማርሽም ፔዳሉ አልዞር አለኝ። አንድ የገበሬ ቤት ደጃፍ ስደርስ ወርጄ አጥሩን ተደገፍኩ። አሮጊት ወጡ፤ አጭር፣ ቀይ ፊት፣ የወንድ ቦቲ የተጫሙ።

"ዳገቱ ምን በድሎሽ ነው እንዲህ የምትረግጪው?" አሉ።

ውኃ ሰጡኝ። ስማቸው ቢሼንታ ነው። ብቻቸውን ናቸው፤ በጎች፣ ጥቂት የፖም ዛፎች። በየት በኩል እንደመጣሁ ጠየቁኝ። በሙትሪኩ አልኳቸው። ብርጭቆውን ተቀብለውኝ ሊገቡ ካሉ በኋላ ዞር ብለው፣ ወደቡ ላይ መረብ የምትሰፋ ኢናሺ የምትባል ሴት በሕይወት መኖሯን ጠየቁኝ።

በሕይወት አሉ እንጂ! ስንት ዓመት በአውቶቡሴ አሳፍሬአቸዋለሁ። ሁልጊዜ ከኋላዬ ተቀምጠው አነዳዴን የሚነቅፉት ኢናሺ።

"ታናሽ እህቴ ናት" አሉና በሩን ዘጉ።

ማርች 14

እህታቸው? በዚህችው አገር፣ አንድ ዳገት ብቻ መሃላቸው እያለ፣ ሴትየዋ በሕይወት መኖሯን አያውቁም?

ማርች 20

እንደገና ወጣሁ። ለምን? እንጃ። እትዬ ቢሼንታ አጥሩ ላይ ቆመው ነበር፤ የጠበቁኝ እንዳይመስለኝ ወዲያው አጥር መጠገን ጀመሩ። ስሄድ በጨርቅ የተጠቀለለ ደረቅ የበግ አይብ ጀርባዬ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ከተቱ።

"ከማን ነው ልበል?"

"ስትቀምሰው ታውቀዋለች።"

ቁልቁለቱን ፍሬን ይዤ ወረድኩ፤ እንቁላል የተሸከምኩ ይመስል። እትዬ ኢናሺ እንደወትሮው ወደቡ ላይ፣ መረቡ ጉልበታቸው ላይ። አይቡን ገመጥ አደረጉ። አኘኩ፣ አኘኩ። ዓይናቸውን ከመረቡ አላነሱም።

"ጨው አብዝታለች" አሉ በመጨረሻ። "ዱሮም ታበዛ ነበር።"

የቀረውን ግን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ሲከቱት አይቻለሁ።

ማርች 28

ወደ ላይ፦ በጨው የተያዘ ትንንሽ ዓሣ፣ በማሰሮ። እትዬ ኢናሺ ያሉትን እንዳለ አደረስኩ፦ "ጨው እንዲህ ነው የሚመጠነው በያት።"

እትዬ ቢሼንታ አጥንቱን በጥፍራቸው እየለቀሙ ቆመው በሉ። "ዓሣውን ባህሩ ነው የሠራው፤ እሷ ምን ሠራች?" አሉ። ግን ማሰሮውን ባዶ አድርገው፣ አጥበው፣ የፖም ጠጅ ሞልተው ሰጡኝ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ጠጁ ቦርሳዬ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ወረድኩ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ኤፕሪል 6

ዛሬ ጠየቅኳቸው። እትዬ ቢሼንታ በግ እያለቡ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ በጓ አዙረው ነው ያወሩት።

ከብዙ ዓመት በፊት እናታቸው በክረምት ታመመች። ያስታመሟት ቢሼንታ ብቻ ናቸው። እስትንፋሷ ሊወጣ ሲል ኢናሺን ትጠራ ነበር። ሰው ላኩ። ኢናሺ አልመጡም። በቀብሩም ቀን አልመጡም።

"ባሏ ባህር ላይ ጠፍቶ ነበር፤ አውቃለሁ" አሉ። "ባህሩ ግን ሊመልሰው ካልፈለገ እሷ ወደቡ ላይ ስለቆመች ይመልሰዋል? እናታችን ግን እየጠራቻት ነበር።"



ኤፕሪል 8

ወደ ታች።

እትዬ ኢናሺ መርፌያቸውን አላቆሙም። ማዕበሉ የባላቸውን ጀልባ ከነሰዎቿ በልቷት፣ እሳቸው ወደቡ ላይ ቆመው ቀንና ሌሊት ሲጠብቁ፣ የመንደሩ ሴት ሁሉ ሾርባ ይዞ መጣ። አንድ ሰው ብቻ ሳይመጣ ቀረ።

እናታቸው እየሞተች መሆኑን ያውቁ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

"አውቅ ነበር። እናት አርጅታ ሞተች። የእኔ ባል ገና ወጣት ነበር። ቀብሬ እንኳ የማለቅስበት አፈር ባህሩ አልሰጠኝም። እናታችንን ከቀበረች በኋላ መውረድ አትችልም ነበር? እግሯ ተሰብሮ ነበር?"

ሁለቱም ጋ ሐዘኑ የገባው በአንድ ሳምንት ነው። ሁለቱም ሌላይቱ እስክትመጣ ጠበቁ። አሁንም እየጠበቁ ነው።

ኤፕሪል 9

አልጋ ላይ ተገላበጥኩ። የእነሱ ጉዳይ እኔን ምን አገባኝ?

ኤፕሪል 16

ተያዝኩ። ኢማኖል ጎማዬ ላይ የበግ ፋንድያ አየ። "ባህር ዳር በግ የት አለ?" አለኝ። ዋሸሁ። አላመነኝም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ነው የምፈራው፦

"ተራራ ላይ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? እኔ በየትኛው መንገድ ልፈልግሽ?"

ተናደድኩ። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ አይቡን፣ ዓሣውን፣ ሁለቱን አሮጊቶች። ወረቀት አመጣና መንገዱን ሣዪልኝ አለ። ሣልኩለት። ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈው። ስወጣ እየደወልኩ፣ ዳገቱን ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ልሄድ ቃል ገባሁ።

ኤፕሪል 17

ግማሹን ገፋሁ። ግማሹን… እግዜር ያውቃል።

ኤፕሪል 27

ሐሳብ መጣልኝ። ለአንደኛዋ "ውረጂ" ብል እምቢ፣ ለሌላይቱ "ውጪ" ብል እምቢ። መሃል ቢሆንስ? በዳገቱ አጋማሽ ካልባሪዮ የሚባል ቦታ ላይ፣ መንገዱ ከጥዶቹ ሲወጣ ባህሩ ከታች የሚታይበት አንድ ኩርባ አለ፤ የድንጋይ መቀመጫ አለው። አንዷም አልወረደችም፣ አንዷም አልወጣችም ማለት ነው።

እትዬ ኢናሺ፦ "እሷ ከመጣች እመጣለሁ።"

እትዬ ቢሼንታ፦ "መጥታ ከሆነ አያታለሁ።"

ይህ እሺ ነው? እሺ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ሜይ 5

ኢማኖል እትዬ ኢናሺን በመኪናው አመጣቸው። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ የጆሮ ጌጥም አድርገዋል። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ጠበቁ።

እኔ መንገዱ ላይ ወዲያ ወዲህ። ቀጣዩ ኩርባ ድረስ ሄጄ አያለሁ፤ ማንም የለም። እመለሳለሁ። እንደገና እሄዳለሁ።

ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ እትዬ ኢናሺ ተነሱ። አልተቆጡም፤ እሱ ነው የከፋኝ። "ጠባይዋን አውቀዋለሁ፤ አንቺ ምን ታደርጊ" አሉኝና መኪናው ውስጥ ገቡ። የጆሮ ጌጡን እዚያው አወለቁት።

ጥፋቱ የኔ ነው? የተኛውን ቁስል ለምን ነካሁት?

ሜይ 6

ተናድጄ ወጣሁ። አልገፋሁም፤ ነዳሁ። በሩን በጡጫዬ መታሁት።

እትዬ ቢሼንታ ከፈቱ። ዓይናቸው አብጧል።

መጥተው ነበር። ከጥዶቹ ሥር ቆመው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተዋታል።

"አርጅታለች" አሉኝ። "ወጣት ሆና ነበር የማስባት። አሮጊት ተቀምጣ አየሁና… እግሬ እምቢ አለኝ። ምን ብዬ ልወጣ?"

የመጣሁበት ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። አብረን ደፉ ላይ ተቀመጥን። ለኢናሺ ልንገርላቸው ወይ አልኳቸው።

"አይ። ይሄንንስ አንቺ አታደርሺውም።"

ሜይ 10

ዝናብ። መውጣት አልቻልኩም። ብስክሌቱን አጠብኩ፣ ሰንሰለቱን ቀባሁ፣ እንደገና አጠብኩ።

ሜይ 19

ዛሬ ካልባሪዮን አልፌ ስወርድ ከፊቴ አሮጊት በእግር ትሄዳለች። ጃንጥላ እንደ ምርኩዝ ይዛ፣ ቦቲ ተጫምታ። እትዬ ቢሼንታ ናቸው።

ስደርስባቸው ዞር አላሉም። "ብስክሌትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ" አሉ።

አልሄድኩም። ወርጄ ከጎናቸው እየገፋሁ ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚህ ቀስ ብዬ ቁልቁለት ወርጄ አላውቅም። ያረፉ ጊዜ አረፍኩ። መኪና ልጥራ ብላቸው "በእግር መምጣት የነበረብኝ ያኔ ነው" አሉኝ።

ወደቡ ላይ እትዬ ኢናሺ መረብ ይሰፋሉ። ቀና አሉ። መርፌው በእጃቸው ቀረ።

እትዬ ቢሼንታ ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ሰላምታ የለም፣ መሳሳም የለም።

"የቱ ጋ ነበር የቆምሽው?"

እትዬ ኢናሺ መረቡን ከጉልበታቸው አወረዱ። ተነሱ። ጀልባዎቹን አልፈው፣ የወደቡ ግንብ እስኪያልቅ ድረስ ፊት ፊት ሄዱ፤ ታላቃቸው ተከተሉ። ጫፉ ላይ ቆሙ። በእጃቸው ወደ ውኃው ጠቆሙ። እትዬ ቢሼንታ አጠገባቸው ሄደው በዚያው ቦታ ቆሙ።

ከሩቅ ነበርኩ። ነፋሱ የቆራረጠውን ነው የሰማሁት።

"…ይበርዳል እዚህ።"

"ያን ጊዜ ይብስ ነበር።"

"…አንቺን ነበር የምትጠራው። እኔ እጇን ይዤ፣ አንቺን።"

ከዚያ እትዬ ኢናሺ ጃንጥላውን ተቀብለው ዘረጉት። ዝናብ አልነበረም። ለነፋሱ ይሆናል። እሱ ውስጥ ሁለቱም ገቡ። እኔ ብስክሌቴን ይዤ ወደ ቤት።

ሜይ 31

እትዬ ኢናሺ ወደ ኦላትስ ወጥተዋል። የእናታቸውን መቃብር ለማየት ሄደው እዚያው ሰነበቱ አሉ። መረባቸውን ሌላ ሴት ትሰፋለች።

ጁን 12

ሐኪም ቤት። አጭር ነበር። ተሳፋሪ መጫን ለዘለዓለም ቀርቷል። ሐኪሟ ደግ ናት፤ ደግ ባትሆን ይሻለኝ ነበር። ኢማኖል እጄን ያዘኝ፤ መኪና ውስጥ ሬዲዮውን አጠፋው።

ጁን 13

አልወጣሁም።

ጁን 14

አልወጣሁም። ኢማኖል ብስክሌቱን ደጅ አውጥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈልኝ። አላየሁትም። የት ልሂድ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ወደሚሄድበት ሳደርስ ኖሬ…

ጁን 16

ደጁ ተንኳኳ። በፒጃማ ነበርኩ።

ሁለቱ አሮጊቶች። አንዷ አይብ፣ አንዷ ዓሣ ይዘዋል። ከሙትሪኩ በአውቶቡስ ነው የመጡት። የቱ ጋ እንደሚወረድ ተከራክረው ሁለት ፌርማታ አልፈው ተመልሰዋል። ኢማኖል ነው ኦላትስ ድረስ ሄዶ የነገራቸው፤ እኔ የሣልኩለትን መንገድ ይዞ።

"የሞተ ሰው የለም እኮ" አልኳቸው።

እትዬ ኢናሺ ሹፌሩ ፍሬን አያያዙን እንደማያውቅ እያማረሩ ጫማቸውን አወለቁ። እትዬ ቢሼንታ ገና ደፉ ላይ ነበሩ። ጉንጬን በሻካራ እጃቸው ያዙ።

"አንዴ ቀርተናል" አሉ። "ሁለተኛ አንቀርም።"

እዚያው አለቀስኩ። ከጃንዋሪ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር፤ ዛሬ ነው የገባኝ።

ገብተው ተቀመጡ፤ እኔም መሃላቸው። ስለ ጨው ተጨቃጨቁ። ኢማኖል ዳቦ ቆረጠ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ መቀመጤንም ልብ አላልኩ። ሲሄዱ እስከ ፌርማታው ሸኘኋቸው፤ በፒጃማዬ።

ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ ነው። ነገ በየት በኩል እንደምወጣ እስካሁን አላሰብኩም።