ሁለት ጊዜ የጠጣው ቃሪያ

ልጄ ማሪት፣ እግዚአብሔር በያለሽበት ይጠብቅሽ፤ የኦስሎ ብርድ አይድፈርሽ። እኛ ደህና ነን፤ መስኮቱ ሥር በማሰሮ ተክለሽው የሄድሽው ቃሪያ ግን ሰላም ነሳኝ። በአፈር ፋንታ የሞላሽበት የኮኮናት ቃጫ ላዩ ደርቆ ስለማየው በየጠዋቱ አጠጣዋለሁ፤ እሱ ይባስ ብሎ አንገቱን ይደፋል። ትናንት ማሰሮውን ባነሳው እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ ለካ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ውሃ ቋጥሯል። ገልብጬ ሳየው ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል፤ ሽታው አይጣል ነው። ዕድሜዬን በግሪን ሃውስ የፈጀሁት ሴት እንዲህ ልታለል?

"አሪ፣ ይሄ ተክል ሰጥሟል እኮ!" አልኩት አባትሽን።

"እኔማ ማታ ማታ ብቻ ነው የማጠጣው" አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

"ልጅቷ አድጋለች፣ ምን ያስጨንቅሻል?" እያለ አንቺ በናፈቅሽኝ ቁጥር የሚቆጣኝ ሰውዬ!

የበሰበሰውን ቆርጬ በአዲስ ቃጫ ተክዬዋለሁ። ሰላም ከደጅሽ አይራቅ። እባክሽ እሁድ ደውዪለት፤ ማጠጫውን ስለደበቅሁበት መስኮቱ ሥር ባዶ እጁን ቆሟል።

እናትሽ ኮሪ