ድምቡሼ በሩ ጋ ብቻዋን የቆመች ዕለት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 19

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የተኮራረፍንበትን ነገር ለዛሬ ብቻ ወደ ጎን አድርጊልኝና ስሚኝ፤ ሆዴ ወሬ መያዝ አቃተው። ሥራ ቦታ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ፤ ወረቀቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካየሽ ከግድግዳው ነው።

ድምቡሼ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ እንደማትል ነግሬሽ ነበር። (አሁንማ እንደ መቃ ቀጥናለች፤ ስሙ ነው አልለቃት ያለው።) ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ አስጠራችኝ። «አለቀልን፣ ስድስተኛን ልትደግም ነው» ብዬ እያሰብኩ ሄድኩ። እሷ ግን፣ «የወላጆች ተራ አለን፤ ማክሰኞ ጠዋት ይምጡና ከልጆቹ ጋር ይማሩ» አትለኝም? እኔን! በስተርጅና!

ክፍላቸውን ብታዪው ያስቀናል። ማንም ሳይጮህባቸው ይገባሉ። ሰሌዳው ላይ የጠዋት ጥያቄ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል፤ ደብተር አውጥተው ጭጭ ብለው ይሠሩና ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ያመሳክራሉ። አንዱ ሰሌዳ ጠራጊ፣ አንዱ ደብተር ሰብሳቢ፣ አንዷ ሰዓት ጠባቂ ናት። እኔ ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎኝ እንደ ግመል ተጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ሳይንስ ላይ አስተማሪዋ ሁለት እኩል በረዶ ከፔርሙስ አወጣች። አንዱን ሳህን ላይ ባዶውን አስቀመጠችው። ሌላውን ለመጠቅለል ከቤት ወፍራም ልብስ እንድታመጣ የታዘዘችው ድምቡሼ ነበረች። ጠዋት ቦርሳዋ ውስጥ ምን ስትጎሰጉስ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አረንጓዴው ሹራብሽ!

«ቶሎ የሚቀልጠው የቱ ነው? የተጠቀለለው የምትሉ ወደ መስኮቱ፣ ባዶው የምትሉ ወደ በሩ» አለች አስተማሪዋ። ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ተግተለተለ። እኔም አብሬ! ሹራብ ያሞቃል፤ ይሄ ምን ያጠያይቃል? ዞር ስል ልጅሽ በሩ ጋ ብቻዋን ቆማለች።

ብቻውን የቆመ ሰው ምክንያቱን ሳይናገር ሙከራው አይጀመርም፤ ደንባቸው ነው። ሁሉም ጠበቋት፤ የሚያጣድፍ የለ፣ የሚስቅ የለ። እኔ ነኝ ያላስቻለኝ። «ነይ ልጄ፣ ወዲህ ነይ» ልል አፌን ስከፍት አስተማሪዋ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

«ሹራብ…» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ እንደ ክር ቀጥኖ። «ሹራብ ራሱ ሙቀት የለውም።»

«እንዴ ልጄ! ሹራብ ያሞቃል እንጂ!» አመለጠኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ የእማዬ ሹራብ ወንበሯ ላይ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት እነካዋለሁ። ይቀዘቅዛል። ሰው ሲለብሰው ነው የሚሞቀው። የሰውየው ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ የራሱ የለውም። እንደዚያ ከሆነ የውጪውንም ሙቀት ወደ በረዶው አያስገባም።»

ምን ልበልሽ።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። የንባብ ሰዓት ነው ተባለ፤ ማን ያነባል! አንዱን ገጽ ገልጬ አፍጥጬ ቀረሁ። ሰዓት ጠባቂዋ «ደረሰ!» ስትል ተጋፍተን ሄድን። ሳህኑ ላይ የነበረው ውሃ ሆኗል። አስተማሪዋ ሹራቡን ቀስ እያለች ፈታችው፤ በረዶው ቁጭ ብሏል! ክፍሉ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። እኔማ ጠረጴዛ ስደበድብ «ወላጅ፣ እባክዎ ድምፅ ይቀንሱ» ተባልኩ።

ቀጥሎ መስኮቱ ጋ የነበርነው ሁሉ ተራ በተራ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» እያልን ወደ ድምቡሼ ተሻገርን። እኔም ተራዬ ሲደርስ ጮክ ብዬ አልኩት። ለካ እንዲህ ማለት አይገድልም።

ይኸው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ስትሸኘኝ ምላሷ አላረፈም። ስለ ሙቀት ስትለፈልፍ ብትሰሚያት፣ ይቺ ልጅ መቼ ዝም ብላ ታውቃለች ያሰኛል!

በሚቀጥለው ወር ተራው ደግሞ ይደርሰናል፤ «አሁን የእማዬ ነው» ብላ አስይዛለች። እኔ ነይ ብዬ አላስጨንቅሽም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እናትሽንም ማስታመም አለብሽ። ብቻ ለማንኛውም ብዬ አስተማሪዋን ጠየቅኳት፤ ሁለት ወላጅ አብሮ መቀመጥ ይቻላል አለችኝ።

እናትሽን ፈጣሪ በቶሎ ያስነሳልሽ። አንቺንም ከክፉ ይጠብቅሽ፤ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርገው።

የልጅሽ አባት

(«ባልሽ» ብዬ ልፈርም ነበር፤ እሱን አንቺ ካልሽ።)