ከድራጎኑ በኋላ

ዓርብ፣ ጥር 16 ቀን 2017፣ ደሴ

ከጁምዓ ስመለስ ልጄ ሰዓዳ ላፕቶፕዋ ላይ ተደፍታለች። ኮምቦልቻ ካለው ሥራዋ ለእረፍት ከመጣች ወዲህ ከዚያ ጌም አትነሳም።

«ምኑ ነው እንዲህ የሚይዝሽ?» አልኳት።

«ጌሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይጠይቁዎታል አባየ። መንገዱን የሚለውጠው የእርስዎ መልስ ነው። ይሞክሩት እስኪ!»

ጨዋታው ውስጥ ከጀግናው ጋር የምትጓዝ ሴት አለች። ልጄ በሟች እናቷ ስም ዘይነባ ብላታለች። ሰዓዳ እንደተረጎመችልኝ፣ ሴትዮዋ «አሞኛል፣ መድኃኒተኛው ዘንድ ውሰደኝ» አለች። ሁለት መልስ ቀረበልኝ፤ አሁኑኑ፣ ወይም ድራጎኑን፣ ያን እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ ከገደልን በኋላ። ድራጎኑ መንደሩን ያቃጥላል ብዬ ሁለተኛውን ነካሁ። ሞተችብኝ።

ሰዓዳ ሳቀች። «ገደሏት እኮ! ግድ የለም፣ ሴቭ ካደረግኩበት እመልሳታለሁ።» መለሰቻት።

ለሶላት ልታጠብ፣ ውዱእ ላድርግ ብዬ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። የእኔዋ ዘይነባ «ሐኪም ቤት ውሰደኝ» ስትለኝ «የገራዶው ማሳችን ጤፍ ይወቃና» ያልኳት እኔ ነኝ። ሰዓዳ ይህን አታውቅም፤ እናቴ በድንገት ሞተች ነው የምትለው። አላህን በየሶላቱ ማረኝ እለዋለሁ። ልጄን ግን... ዛሬም እራት አቀረበችልኝ፤ በላሁ፣ መረቅኳት፣ ለኢሻ ሶላት ተነሳሁ።