የአሥራ ሁለተኛው ክፍል ቆርቆሮ

ጥቅምት 6
ጠዋት አጥር ጠገንኩ። ባለቤቴ አስናቀች «ሰው ይቅጠሩ» አለች። ሃምሳ ዓመት አብራኝ ኖራ ሰው እንደማልቀጥር አታውቅም?
ከሰዓት የድሮ ጓደኛዬ አብዱልዋሂድ ከሞጣ ደወለ። የአባቱ መጋዘን ሲፈርስ ከግድግዳው ሥር የፊልም ቆርቆሮ ተገኝቷል። የጠፋው፣ አሥራ ሁለተኛው ክፍል። «ሳትሞት ድረስ!» አለኝ። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥቅምት 7

በወጣትነታችን በዚያ መጋዘን ፊልም እናሳይ ነበር። አብዱልዋሂድ መሣሪያውን በእጁ ያሽከረክራል፤ ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው እኔ ምስሉ ከሚያርፍበት አቡጀዲ አጠገብ ቆሜ እተርካለሁ። በየገበያው ቀን አንድ ክፍል። ጭምብል ያጠለቀችው ፈረሰኛ አሥራ አንደኛው ላይ ገደል አፋፍ ተንጠልጥላ ቀረች። የመጨረሻው፣ አሥራ ሁለተኛው፣ ሳይታይ ጠፋ። ሕዝቡ አስጨነቀኝ። «መጨረሻውን ደብረ ማርቆስ ሄጄ አይቻለሁ፤ ወድቃ ሞተች» አልኩ። ሰው አለቀሰ።
አላየሁም ነበር። በዚህ አፌ ስንቱን ውሸታም ብዬ ከቤቴ አስወጣሁ?...

ጥቅምት 8
አስናቀች፦ «ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ? አርፈው ይቀመጡ።»
ብቀመጥ ማን ያውቅብኛል?... እሄዳለሁ።

ጥቅምት 9
ሞጣ። ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። ፊልሙ ተጣብቆ እንደ ሙጫ ደርቋል። ከጫፉ አንድ ክንድ ብቻ ተላቀቀ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝነው። ሴትዮዋ ጭምብሏን አውልቃ በር ላይ ትስቃለች።
«ይኼ ከመውደቋ በፊት ይሆናል፤ አይደል?» አለ አብዱልዋሂድ።
አዎ ብል አለቀ።
«አላውቅም። ያኔም አላየሁትም። ዋሸሁ።»
«አውቃለሁ።»
«ምኑን?»
«ደብረ ማርቆስ ሄድኩ ባልክበት ሳምንት፣ ከዓባይ በረሃ ባመጣኸው ወባ እኛ ቤት ተኝተህ አልነበር? ሾርባ የምታጠጣህ እናቴ!»
«ታዲያ ስድሳ ዓመት ምን ዘጋህ?»
«አንተን ማን ደፍሮ፣ ሰውዬ!»
ተናደድኩ... ከዚያ ሳቄ መጣ።

ጥቅምት 13
እዚሁ ሰነበትኩ። የአብዱልዋሂድ ልጅ ጀዋሂር ጎረቤት ሰብስባ ታሪኩን ከአንድ ጀምሮ አስተረከችኝ። አሥራ አንደኛው ሲያልቅ ቆምኩ።
«ከዚህ ወዲያ የፊልሙ አይደለም። ያኔ ዋሽቻችኋለሁ። ከራሴ ያመጣሁት ነው።»
  ያኔ ልጅ ሆነው ፊልሙን ያዩት እማሆይ ወለተ ሐና ከፊት ተቀምጠዋል። «ታዲያ እኛ ምን አገባን? ይቀጥሉ እንጂ!» አሉ።
ቀጠልኩ። ያቺን የምትስቅ ሴት አይቻለሁ፤ ቢሆንም አላዳንኳትም። የራሴ ነው ካልኩ የራሴ ነው። ገደል ሰደድኳት።
«ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነዎት!» አሉ እማሆይ፣ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ።
ውሸታም ብለውኝ ቢሆን እሞት ነበር። ክፉ ሲሉኝ... ደስ አለኝ።