ጥጡ ሲነካኝ

ቆሰበር፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ከሰል ሳወጣ ፍሙን በባዶ እጄ ስለቅም ጎረቤቶቼ "የሱ እጅ እሳት አይፈራም" ይሉኝ ነበር። እኔም ጅሉ እኮራበት ነበር። ትናንት ባለቤቴ መዳፌ ላይ ያልተሰማኝን ቃጠሎ አይታ ደነገጠች፤ ዛሬ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ነርሷ ስኳር፣ የነርቭ መጎዳት ወይም የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል አለች። የነገው ምርመራ ይለየዋል። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው፤ የሞተው ስሜት ግን ላይመለስ ይችላል። እስከዚያው ያለ ጓንት እሳት እንዳልነካ፣ ማታ ማታም እጄን አገላብጬ እንድፈትሽ አዘዘችኝ።

ከዚያ ጥጥ አንሥታ መዳፌን ዘረጋችና "ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ጥጡ ሲነካዎት ይንገሩኝ" አለችኝ።

ጨፍኜ ጠበቅኋት። ስትዘገይብኝ "ምነው፣ አትጀምሪም እንዴ?" አልኳት።

"ጨረስኩ እኮ፣ አባቴ" አለችኝ።