ሳይተረጎም የቀረው ቃል፦ የመምህር ደምለው ገብረ ክርስቶስ የሕይወት ታሪክ

መምህር ደምለው ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ድረስና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጠች ያርጋል፣ ከዳባት የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር አጥቢያ፣ ጥር 12 ቀን 1936 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በአባታቸው እግር ሥር ነው። አባታቸው ለዜማ ቢያስቧቸውም እርሳቸው ደባርቅ ወደሚገኘው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም ጎንደር ሄደው ሁለተኛ ደረጃን ተማሩ። እንግሊዝኛው እንደ ውዳሴ ማርያም ከአፋቸው ይወርድ እንደነበር አብሮ አደጎቻቸው ይመሰክራሉ።

በ1956 ዓ.ም. መምህር ሆነው ደባርቅ ተቀጠሩ። በ1960 ዓ.ም. ወይዘሮ የሺወርቅ ሰጠኝን አግብተው ማዕረግን፣ ገበያነሽንና አሻግሬን ወለዱ።

በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ዋሴ ጎንደር ላይ ተይዞ እንደወጣ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ለቅሶም አልተፈቀደም። ከዚያ ወዲህ መምህር ደምለው ፈሪ ሰው ሆኑ። ይህን የምንናገረው ልናዋርዳቸው አይደለም። «ፍርሃቴን ሳትደብቁ በሬሳዬ ፊት አንብቡት» ብለው ስለተናዘዙን ነው። ደጃፍ ላይ መኪና ሲቆም ከመቀመጫቸው ይነሡ ነበር። የደረሳቸውን ደብዳቤ አንብበው ያቃጥሉ ነበር። ተማሪ እጁን ባወጣ ቁጥር፣ ምን ሊጠይቀኝ ይሆን እያሉ ይሠጉ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ አንድ የውጭ አገር የእርዳታ ድርጅት ደባርቅ መጣ። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ሲፈለግ መምህር ደምለው ለአስተርጓሚነት ተሰጡ። ሥራው ገበሬው እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ ስንዴ እንዲቀበል ማድረግ ነበር። የድርጅቱ ኃላፊ ወይዘሪት ኢንግሪድ የሚባሉ ቅን ሴት ነበሩ። በየመንደሩ እየዞሩ ሕዝቡን ይጠይቃሉ፤ የሚሰሙትንም በማስታወሻ ይጽፋሉ።

ግንቦት ላይ ወደ መካነ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ካለች አንዲት መንደር ስብሰባ ሆነ። ወይዘሪት ኢንግሪድ «እርዳታው ያልደረሰው ሰው አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «አንድም የለም» አሉ። ያን ጊዜ ታንጉት የምትባል፣ መንታ ልጆች ያቀፈች ሴት ከኋላ ብድግ አለች።

«እኔ አለሁ እንጂ! ባሌን ለጦር ወሰዱት። እነዚህን ይዤ ድንጋይ መሸከም አልቻልኩም። ድንጋይ ያልተሸከመ አይበላም አሉኝ። ጉልበት ያለው ይብላ፣ የደከመው ይሙት ነው እንዴ ሕጉ?»

ከሊቀመንበሩ ጎን የተቀመጠው የፓርቲው ካድሬ አንገቱን አዙሮ መምህር ደምለውን አያቸው። መምህር ደምለው ወደ ወይዘሪት ኢንግሪድ ዞረው በእንግሊዝኛ «ሥራው መልካም ነው፤ እናንተንም መንግሥትንም ታመሰግናለች» አሉ።

ወይዘሪት ኢንግሪድ ፈገግ ብለው ለታንጉት እጅ ነሡና ጻፉ። ታንጉት የፈረንጇን ፈገግታ አይታ የተሰማች መሰላት። ለመምህር ደምለውም «አንደበትዎን ይባርከው» አለቻቸው።

ያ ምርቃት እህል ከለከላቸው። ለባለቤታቸው ቢነግሯቸው ወይዘሮ የሺወርቅ በጣታቸው ልጆቹን አሳዩአቸው። የንስሐ አባታቸው ቄስ ተክለ ማርያም ግን «ቃሉ ያንተ አይደለም፤ አደራ ነው። ሂድና ለባለቤቱ አድርስ» አሏቸው። በዘጠነኛው ቀን ወደ ድርጅቱ መጋዘን ሄደው እውነቱን ተናገሩ።

ወይዘሪት ኢንግሪድ አልተቆጡም። ሕዝቡ ረክቷል የሚለው ሪፖርት ወደ አገራቸው መላኩን ነገሯቸው። ከዚያም «ሌላስ ያልነገሩኝ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። መምህር ደምለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። በየመንደሩ ሰምተው የዋጡትን ሁሉ አንድ በአንድ እየነገሩ ግማሽ ቀን ሙሉ ቆዩ። ከዚያ በኋላ አራሶች፣ ሽማግሌዎችና ሕሙማን ድንጋይ ሳይሸከሙ ስንዴ እንዲያገኙ ተደረገ። ለታንጉትም ደረሳት። ከመንታዎቹ አንደኛው ግን በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ አርፎ ነበር።

መምህር ደምለው ካድሬዎቹ ሊይዟቸው እስኪመጡ ስድስት ሳምንት ጠበቁ። የልብስ ጥቅላቸውን በር ሥር አስቀምጠው ያስተምሩ ነበር። ሐምሌ ላይ ሲመጡባቸው «ተመስገን፣ መጠበቁ አለቀ» ማለታቸውን ወይዘሮ የሺወርቅ ያስታውሳሉ። ሰባት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ ወደ መካነ ብርሃን ተዛወሩ፤ ያም እንደ ቅጣት ነበር። እዚያም መሠረተ ትምህርት እያስተማሩ ሳለ አንድ ቀን ታንጉት ልትመዘገብ መጣች። ስሟን ከመጻፋቸው በፊት ያደረጉትን ሁሉ ነገሯት። እርሷ እስከዚያ ቀን አላወቀችም ነበር።

«ያን ቀን ቢናገሩልኝ ልጄ ይድን ነበር?» አለቻቸው።

«አላውቅም» አሏት።

«እኔም አላውቅም። እንግዲያው ሁለታችንም ሳናውቅ እንኑራ» ብላ ስሟን አስመዘገበች። ሁለት ክረምት ተምራ ማንበብ ቻለች። ይቅር ብያለሁ ግን አላለችም፤ እርሳቸውም አልጠየቋትም።

መምህር ደምለው ለወጣት መምህራን «ሊረዳ የመጣ ሰው ከድኻው ካልተማረ ስንዴው መንገድ ይስታል፤ የድኻውን ቃል ያላሰማ የተማረ ሰውም ካልተማረው ይብሳል» እያሉ ይመክሩ ነበር። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም። ባለፈው ግንቦት መንግሥት ሲለወጥ እንኳ ሰው ሁሉ በግልጽ ሲያወራ እርሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገሩ ነበር።

ከእስር ቤት ይዘውት በወጡት የደረት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ጎንደር ሆስፒታል ሲታከሙ ከርመው፣ ኅዳር 9 ቀን 1984 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውንና ያስተማሯቸውን ሁሉ ትተውልናል። እኛም ይህን በአደባባይ ስናነብ፣ ዘመኑ ተለውጧል ቢባልም፣ ማን ይሰማናል እያልን ዙሪያችንን እናያለን፤ ግን ቃላቸው አደራ ነውና አነበብነው።

የሰው ልብ ሳይተረጎምለት የሚሰማ አምላክ የዋጡትን ይቅር ይበላቸው፤ የተናገሩትን ይቁጠርላቸው። ነፍሳቸውን ድንጋይ ያልተሸከሙ ድኾች ከሚጠግቡበት ማዕድ ያስቀምጥልን። አሜን።